«ባጃጅ» የሚሉት ልጄ 9ኛ ክፍል ሊገባ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ እንደምን አለሽልኝ። የምፅፍልሽ ከደሴ ነው። ልጄ 14 አመቱ ነው፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትኖ አልሀምዱሊላህ በጥሩ ውጤት አልፏል፣ መስከረም ላይ 9ኛ ይገባል። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ልጄ ሲያወራ ይንተባተባል። ከትንሽነቱ ጀምሮ ነው፣ ቤት ከኛ ጋር ሲሆን ብዙም አያስታውቅም፣ ሰው ፊት ግን በተለይ በ«አ» የሚጀምር ቃል ሲመጣበት ይይዘዋል። ዘንድሮ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ «አቤት» ለማለት ሲታገል አንዱ ልጅ ከኋላ «ባጃጅ ዳገት ላይ ጠፋበት!» አለ አሉ፣ ክፍሉ በሳቅ ሞተ፣ ቲቸሩም ሳቀ። ከዛ ቀን ጀምሮ ስሙ ባጃጅ ሆኖ ቀረ። ሲያልፍ የሞተር ድምፅ ያሰሙበታል፣ እረፍት ላይ ከኋላው ይገፉትና «እናስነሳህ» ይሉታል።

እኔ ይሄን ያወቅኩት ራሱ ነግሮኝ እንዳይመስልሽ። ሐምሌ ላይ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቆመን ትራንስፖርት ስንጠብቅ አንድ ባጃጅ ዳገቱ ላይ ጠፍቶበት ሹፌሩ ደጋግሞ ለማስነሳት ሲሞክር ልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አይኑን ሳየው እንባ ሞልቷል። ምን ሆንክ ብለው «ጉሙ ነው» አለኝ። ጉም ሰው ያስለቅሳል እንዴ? ማታ ታናሽ እህቱን ይዤ ሳጣድፋት ሁሉንም ዘከዘከችው። ለካ ለሳንቡሳ ብዬ የምሰጠውን ብር በየቀኑ ለአንዱ ልጅ ነበር የሚሰጠው፣ ለምን ብትይ ልጁ ስሙን እንዳይጠራው!

አባቱ «ወንድ አይደለም እንዴ፣ አንዱን በቦክስ ቢለው ሁሉም ይተዉት ነበር» ይላል። እኔ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽና ድሮ ከእንዲህ ያነሰ ነገር ሲነግረኝ «ተዋቸው ቻለው» ነበር የምለው። አሁን 9ኛ አልገባም ሱቅ ልቀመጥ እያለኝ ነው፣ እነዛ ልጆችም እዛው ትምህርት ቤት ነው የሚገቡት። ሌላ ትምህርት ቤት ልቀይረው? ወይስ መስከረም ላይ ሄጄ በሰልፍ ሰአት ልነጋገራቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ከመስከረም በፊት ማወቅሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው ደብዳቤ ህዳርና ታህሳስ ላይ ልጁ መቅረት ከጀመረ በኋላ ነው የሚፃፈው።

ቲቸሩም ሳቀ ያልሽው ላይ ግን ትንሽ ልቁምና የራሴን ላውራሽ። ከ20 አመት በላይ አስተምሬያለሁ፣ እኔም አንዴ ስቄያለሁ። የአንዱን ተማሪ ስም ስጠራ ከኋላ አንዱ የሆነ ነገር ጣል አደረገ፣ ቀልዱ እውነትም ያስቅ ነበር፣ አመለጠኝ። ልጁ ከዛ በኋላ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ማለቱን ትቶ እጁን ብቻ ማውጣት ጀመረ። እኔ ጨዋ ሆነ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር! አመቱን ሙሉ ድምፁን እንዳልሰማሁ የገባኝ ሰኔ ላይ ካርድ ስሰጥ ነው። ስለዚህ ያንን ቲቸር ልረግመው አልችልም፣ ግን ያ ሳቅ ምን እንደሚሰራ አውቃለሁ። ትልቅ ሰው ከሳቀ ለልጆቹ ፈቃድ ነው።

አንዳንድ አንባቢ አሁን «ኧረ እትዬ፣ ወሎ ላይ ቅፅል ስም የሌለው ማን አለ፣ ጨዋታ አይደል እንዴ» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው፣ እኛ አገር ሰው ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ ከአቦል እስከ በረካ የሚሳቀው እርስ በርስ በመነካካት ነው፣ እኔም ቅፅል ስም አለኝ (አልነግራችሁም)። ልዩነቱን ለማወቅ ግን አንድ ኦልዌውስ የሚባል ሰው ያስቀመጠው መለኪያ ይረዳል። ሰውየው ኖርዌይ ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እድሜውን ሙሉ ልጆች አንዱን ልጅ ለይተው ማጥቃታቸውን ያጠና ነው፣ በፈረንጆቹ 1982 ሶስት ልጆች በዚሁ ሰበብ ሳይሆን አይቀርም ራሳቸውን አጥፍተው አገሩ ሲደነግጥ በአመቱ ትምህርት ቤቶች ላይ ለተጀመረው ዘመቻ ፕሮግራሙን የሰራው እሱ ነው። የሚጠይቀው ሶስት ነገር ነው፦ ሆን ተብሎ ነው ወይ፣ እየተደጋገመ ነው ወይ፣ ልጁስ ራሱን መከላከል የማይችልበት የጉልበት ልዩነት አለ ወይ። ጨዋታ ቢሆን ያንቺም ልጅ ተራው ደርሶት ይነካቸው ነበር፣ እነሱም ይስቁ ነበር። ደግሞ ጨዋታ ገንዘብ አይከፈልበትም። ልጅሽ እኮ ግብር እየገበረ ነው።

አሁን ወደ አባቱ። ወንድሜ፣ አይከፋህ፣ ሀሳብህ ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ነገሩን በሌላ በኩል እየው። 9ኛ ክፍል የሚገባበት ግቢ ውስጥ 18 እና 19 አመት የሆናቸው ያ ሁሉ የ12ኛ ክፍል ልጆች አሉ። አንዱን በቦክስ ካለው የዛ ልጅ ወንድም፣ የአጎት ልጅ፣ የሰፈር ልጅ ከበር ውጪ ይጠብቀዋል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ማን ጀመረው አይልም፣ ሁለቱንም ወላጅ አምጡ ብሎ ያባርራል። ከሁሉ የባሰው ግን ልጁ ሲሰማው «ያልተዉህ አንተ ወንድ ስላልሆንክ ነው» ያልከው ነው የሚመስለው። ክፍል ውስጥ ባጃጅ ተብሎ ሲመጣ ቤት ደግሞ ሌላ ስም እንዳይጠብቀው።

እህቴ ያንቺም «ቻለው» ከዚህ ብዙ አይለይም ስልሽ አትቀየሚኝ። ልጅ «ቻለው» ሲባል የሚሰማው «ሁለተኛ ይዘህብኝ እንዳትመጣ» የሚል ነው፣ ለዛ ነው ጉም ያስለቀሰው። ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ እሱን ማስወራት ነው፣ ግን ፊት ለፊት አስቀምጠሽ «ንገረኝ» ብለሽ አይደለም። አብራችሁ እየሄዳችሁ ወይ ሽሮ እየለቀመ፣ አይን ለአይን ሳትተያዩ ይሻላል። «እህትህ ነገረችኝ» አትበይ፣ ትንሿን አስጨርሰሽ ሁለተኛ ምንም አታወጣልሽም። «ያን ቀን ባጃጁ ጋ አይቼሃለሁ» በይው በቃ። ከዛ ዝም። ሲንተባተብ ቃሉን አትጨርሺለት፣ «ተረጋጋ፣ ቀስ በል» አትበይው፣ ይሄ ሁላችንም የምንሰራው ስህተት ነው፣ እሱ የሚሰማው «አሁንም አበላሸሁ» ብሎ ነው። የጀመረውን ራሱ እስኪጨርስ ዝም ብለሽ ጠብቂው፣ 10 ሴኮንድም ቢፈጅ። ደግሞ ደንግጦ ነው፣ አይነጥላ ነው፣ ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚለውን ወሬ ተዪው። በአለም ላይ ከ100 አዋቂ ሰው 1 ያህሉ ይንተባተባል፣ ከሴት ይልቅ ወንድ ላይ ይበዛል፣ ከጭንቅላት ብስለት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሚኒስትሪውን በጥሩ ውጤት ያለፈው ማን ሆነና።

ትምህርት ቤት ልቀይር ወይ ላልሽው፣ ልጁ ላይ ዱላ ወይ ማስፈራሪያ ካለ አዎ ቀይሪ፣ ማንንም አታማክሪ። እንዲህ ላለው ግን እኔ አልመክርም። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት እኮ፣ ከፒያሳ ሆጤ ምን ያህል ነው፣ ስም ደግሞ ባጃጅ ሳይሳፈር ቀድሞ ይደርሳል። (ውይ ይቅርታ፣ አፌ ላይ መጣ።) አዲሱ ቦታ ስሙ ተከትሎት ሲመጣ የሚያውቀው ሰው አይኖርም፣ አሁን የሚገባበት ግን አንድ ጥሩ ነገር አለው፣ ከብዙ ትምህርት ቤት የመጣ አዲስ ልጅ ተደባልቆ ነው የሚመደበው፣ ባጃጅ የሚሉትን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። ያ ጥቂት ሌላውን ከማስተማሩ በፊት የሚሰራ ስራ አለ፣ ጊዜውም አሁን ነሀሴ ነው።

እኔ ከነሀሴ የምፈልገው ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ አንድ ጓደኛና አንድ ትልቅ ሰው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቅር።

ጓደኛውን ላስረዳሽ። ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ትምህርት ቤት ግቢ ካሜራ ተክለው ልጆቹ ሲጫወቱ ቀርፀው ነበር፣ በፈረንጆቹ 2001 ነው የታተመው። አንድ ልጅ ሲበሻሸቅ አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ልጆች ቆመው ያያሉ፣ የሚገባው ግን ትንሽ ነው፣ ከ5 አንድ እንኳን አይሞላም። የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው፣ ከልጆቹ አንዱ ገብቶ «ተዉት» ሲል ከግማሽ በላዩ ጊዜ ነገሩ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ይቆማል። 10 ሴኮንድ! ዳይሬክተር ሳይጠራ፣ ወላጅ ሳይመጣ። ምክንያቱም ጉልቤው የሚሰራው ለተመልካች ነው፣ ተመልካቹ ካልሳቀ ስራ ፈታ። ስለዚህ ልጅሽ የሚያስፈልገው ጡንቻ ሳይሆን ያን 10 ሴኮንድ የሚቆምለት አንድ ሰው ነው። አብሮት 8ኛ ከጨረሰው ውስጥ ያልሳቀ አንድ ልጅ ይኖራል፣ ሁሌም አለ፣ ልጅሽን ጠይቂው ስሙን ያውቀዋል። ያንን ልጅ ቤት ጥሪው፣ ቆሎ አቅርቢ፣ ኳስ ወይ ጌም ይጫወቱ፣ ምንም ሚስጥር አታውጪ። ለምዝገባ አብረው ይሂዱ፣ ከተቻለ አንድ ሴክሽን እንዲመደቡ ጠይቂ፣ ካልተቻለ ደግሞ ቢያንስ አብረው ይሂዱ አብረው ይመለሱ። 10ኛ ወይ 11ኛ የሚማር የዘመድ ልጅ ካለሽ ደግሞ ወርቅ ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት እረፍት ላይ መጥቶ ሰላም ብሎት ብቻ ይሂድ። ሌላ ምንም አይጠበቅበትም።

ትልቁ ሰው ደግሞ ሆምሩም ቲቸሩ ወይ ዩኒት ሊደሩ ነው። ሰልፍ ሰአት ሄጄ ልናገር ያልሽውን ኧረ በፈጣሪ አታድርጊው! እኔ ዩኒት ሊደር እያለሁ አንዲት እናት ባንዲራ እየተሰቀለ መጥታ የአንዱን ልጅ ጆሮ ይዛ አዞረችው፣ 1 ሺህ ተማሪ ፊት። ጆሮው የተያዘው ልጅ በሳምንቱ ረሳው፣ የሷ ልጅ ግን «ማሚ» ተብሎ እስከ 12ኛ ወጣ። ያኔ ያቺን እናት ቢሮ አስቀምጬ ውሃ ሰጥቼ ስሰማት ልክ ነበረች፣ የተናገረችው አንዱም አልተሳሳተም፣ ቦታውና ሰአቱ ነው ልጇን የጎዳው። አንቺ ግቢው ባዶ በሆነበት ሰአት ሂጂ፣ ክስ ይዘሽ ሳይሆን ልጅሽን ልታስተዋውቂ። «ልጄ ይንተባተባል፣ ጎበዝ ነው፣ ባለፈው ትምህርት ቤት በዚህ ምክንያት ስም አውጥተውለት ነበር፣ እዚህ እንዳይቀጥል እንዲያግዙን ነው» በይ፣ ይበቃል። ስም ሲጠራ ምን ይደረግ የሚለውን ግን አንቺ አትወስኚ፣ ልጁን ጠይቂው። እጁን ማውጣት ይፈልግ ይሆናል፣ ወይ ሲይዘው ዝም ብለው እንዲጠብቁት ብቻ ይፈልግ ይሆናል፣ ወይ ራሱ በመጀመሪያው ቀን ተነስቶ «እንተባተባለሁ፣ ትንሽ ታገሱኝ» ሊል ይችላል። ይሄ የመጨረሻው ድፍረት ይጠይቃል ግን በጣም ይሰራል፣ ራስሽ የተናገርሽውን ነገር ሌላ ሰው ምን ብሎ ያጋልጥሻል? ቤት ውስጥ ቡና ላይ ይለማመደው፣ እየተንተባተበ።

መልስ መመለስን በተመለከተ፣ ለሚንተባተብ ልጅ «እንዲህ ብሎ አፉን ያስይዘው» የሚባል ምክር ቅንጦት ነው። ረጅም አረፍተ ነገር ገና ሳይጨርስ ይስቁበታል። አጭር ነገር ይያዝ፣ ከሚቀለው ፊደል የሚጀምር፣ «ጨረስክ?» ብሎ አይቶት መንገዱን መቀጠል። ሳይሮጥ። ልጁ ቀልድ የሚችል ከሆነ ደግሞ «ባጃጅ» ሲሉት «ሂሳብ!» ብሎ እጁን መዘርጋት ይችላል፣ እኔ ብሆን ይሄን ነበር የማደርገው፣ ግን እኔ አይደለሁም፣ የራሱን ይምረጥ።

ብሩ ላይ ቀልድ የለም። ከመስከረም ጀምሮ ብር አይያዝ፣ ምሳውን ቋጥረሽ ስጪው፣ ለተቀባዩ «እናቴ አውቃለች፣ ከዚህ በኋላ የለም» ይበለው። ከቀጠለ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያየውን ሰው ደብተር ላይ መዝግቢ። ሆምሩሙ ጋ ሄደሽ በሳምንት ካልተስተካከለ ዩኒት ሊደር፣ ከዛ ርእሰ መምህሩ፣ ከዛ ወተመህ (ወላጅ ተማሪ መምህር ህብረቱ ማለቴ ነው)። ከርእሰ መምህሩ ጀምሮ በፅሁፍ ይሁን፣ ኮፒ ያዢ፣ በቃል የተነገረ ነገር ትምህርት ቤት ውስጥ ከቾክ አቧራ ጋር ነው የሚጠረገው። ግን «ግረፉልኝ» ብለሽ እንዳትጠይቂ። ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀፅ 36 ላይ ተፅፏል፣ ያ ለጉልቤውም ልጅ ይሰራል። ደግሞ የተገረፈ ልጅ ቂሙን የሚወጣው ርእሰ መምህሩ ላይ አይደለም፣ ያንቺ ልጅ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ እኔ ከኮምቦልቻ ነኝ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሽፍት ነው የምሰራው፣ ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድጋት። እሷም 8ኛ ጨርሳ 9ኛ ልትገባ ነው። ትናንት ስልኳን ሳየው 11 ልጆች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ አገኘሁ፣ የአንዷን የክፍላቸውን ልጅ ፎቶ ስቲከር እየሰሩ ይሳሳቁባታል፣ ልጅቷ ኮንጎ ጫማ ስለምታደርግ ስሟን «ኮንጎ» ብለዋታል። አድሚኗ የኔ ልጅ ናት! እኔ ራሴ በኮንጎ ጫማ ነው የተማርኩት። ቀበቶ አንስቼ ነበር፣ እጄ ተንቀጠቀጠና ተውኩት። ጥሩ ልጅ ናት ወላሂ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እጅሽ ልክ ነው የሰራው። ጥሩ ልጅ ናት ያልሽውንም አምንሻለሁ፣ ጥሩ ልጅም እንዲህ ታደርጋለች፣ ሁለቱ አይጣሉም። ብትመቺያት «ስልኬን ለምን አየችብኝ» የምትል ልጅ እንጂ «በደልኩ» የምትል ልጅ አታገኚም፣ ቀጣዩን ግሩፕ አንቺ በማታገኚው ቦታ ትከፍተዋለች።

ከሽፍት መልስ ደክሞሽ እያለ አታውሪያት፣ እረፍት ቀንሽን ጠብቂ። ያን የኮንጎ ጫማ ታሪክሽን ንገሪያት። ዝም ብለሽ፣ ሳታለቅሺ፣ በየትኛው መንገድ ትሄጂ እንደነበር፣ ፀሀይ ላይ ጫማው እግርሽን እንዴት እንደሚያቃጥል፣ ክረምት ላይ ውሃው ውስጡ ገብቶ ሲንቧቧ እንዴት እንደምታፍሪ። ከዛ «አሁን ግሩፑ ውስጥ እኔን ጨምሪኝ፣ እኔም ኮንጎ ነኝ» በያት። የምትለውን ጠብቂ።

ከዛ ማስተካከሉ የራሷ ስራ ይሁን። ግሩፑን ዲሊት ከማድረጓ በፊት ለ11ዱም «ይሄን የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ ልክ አልነበረም፣ ስቲከሩን አጥፉት» ብላ ትፃፍ፣ አድሚን እሷ አይደለች። ልጅቷን ይቅርታ መጠየቁ በቴሌግራም አይሆንም፣ በአካል ነው፣ ግን ልጅቷን ሰው ፊት አስገድዳችሁ አታስታርቋት፣ መጀመሪያ አንቺ እናትየውን አግኝተሽ ልጅቷ ፍላጎት እንዳላት ጠይቂ፣ ካልፈለገች ይቅር፣ ይቅር ማለት የሷ መብት ነው። ለልጅሽ ደግሞ እወቂ ብለሽ አንድ ነገር ንገሪያት፣ በስልክ ሰውን ማስፈራራትና ስም ማጥፋት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 የተከለከለ ነው፣ የልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ስልኩን ለዘላለም መቀማቱን አልደግፍም፣ ማታ ማታ ግን ሳሎን ይደር፣ ያንቺም ጭምር።

ይሄን የምታነቡ፣ እንደዛች «ኮንጎ» እንደተባለችው ልጅ የሚሳቅበት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ስክሪንሾት አንሱ፣ ቶሎ፣ ከመጥፋቱ በፊት። ከዛ የልጃችሁ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለው ጋ ግቡና ማን ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባኝ ይችላል የሚለውን «ማይ ኮንታክትስ» አድርጉት፣ 1 ደቂቃ አይፈጅም።

ለደሴዋ እህቴ የረሳሁት ነገር፦ ሆምሩም ቲቸር የሚታወቀው ምደባው ሲለጠፍ ነው፣ ስለዚህ ለምዝገባ ስትሄዱ ዩኒት ሊደሩን ጠይቂ፣ እሱ ካለ እዛው ጨርሺው። ልጅሽና ጓደኛው እናንተ ስታወሩ ግቢውን ይዙሩት፣ መፀዳጃ ቤቱን፣ ውሃ መጠጫውን፣ የኋላ በር ካለው የኋላ በሩን፣ ነገር የሚፈላው ቲቸር የማያይበት ቦታ ነው። ደግሞ ሰኞ እንዳትሄጂ፣ ገበያ ስለሆነ ትራንስፖርት አታገኚም፣ ማክሰኞ ጠዋት ይሻላል።